ጎሚኒ

ኮዬ ላይ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር፣
መኪናዬ ከሆዷ ሥር ትፈልገኛለች ነገር፤
ቋ! ቋ!

"ቴስቲናዋ ነው" አሉኝ፤ ለወጥኩኝ፣ ከፈልኩኝ፤
"ሾኳ ነው" አሉኝ ደግሞ፤ ለወጥኩኝ፣ ተበደርኩኝ፤
በማግስቱ እዚያው ጉድጓድ፣ እዚያው ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ፣
ቋ! አለች፣ የኪሴን ነገር ሳታስብ።

ጋሽ ደቻሳ በቆርቆሮው አጥር አንገታቸውን ብቅ አድርገው
(ሠላሳ ዓመት ባለተሳቢ፣ ጡረታቸው ጎመን ማጠጣት ነው)፣
"ብረቱን ተወው" አሉ፤ "ብረት አይደለም የሚጮኸው፤
በብረትና በብረት መሃል የነበረው ነው ያለቀው።"

እሑድ። ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ገባሁ፤
ክሪኩን ከእሳቸው፣ ቧንቧውን ካላለቀው ፎቅ አመጣሁ።
ትራቬርሳውን በግንድ ደገፍኩ፤ ቺያቬውን በቧንቧ አስረዘምኩ፤
ቡሎኑ ግን ሌሊቱን ሙሉ ናፍጣ ጠጥቶ
እንቢኝ አለ፣ ዝገቱን ዓይኔ ላይ አራግፎ።

ሽታዬ በስልኳ ታበራልኛለች።
ከብድሩ ወዲህ ቃላችን አጥሯል፦
"ወደ ግራ።" "እዚህ?" "ትንሽ ዝቅ።"
ባትሪው አሥራ አንድ ፐርሰንት፤
ማን ቀድሞ እንደሚያልቅ እንጃ፣ እሱ ወይስ እኔ።

ከዚያ ጧ! ብሎ ተፈታ፤ ክርኔ ከድንጋይ ተላተመ።
ያኔ ያልኩትን አልጽፈውም፤
ጋሽ ደቻሳ ከአጥሩ ማዶ ሳሉ።

አሮጌዋ ጎሚኒ ወጣች በመጋዝ ተቆርጣ፣
ግማሿ ዱቄት፣ ግማሿ እንደ ከረመ ቋንጣ።
ልጃችን ብሌን አንስታ "የማን መኪና ጎማ ናት?" አለች፤
ጭራሮ ሰክታባት ግቢውን ዞረች።

አዲሷን ከሶማሌ ተራ ነው፤ ልጁ "ኦርጅናል" ብሎ ሦስቴ ማለ፤
አንዴ ቢምል አምነው ነበር። ይሁን፣ ሌላ ምን አለ?
የልብስ ሳሙና ቀባናት፤ ረጅም ቡሎን፣ ሁለት ወፍራም ሮንዴላ፣
ሽታዬ ከላይ ያዘች፣ እኔ ከታች፤ ሩብ ዙር፣ ደግሞ ሩብ ሌላ።
አልገባም ስትል ቆምን። ላቧን በክንዷ ጠረገች፤
"እስቲ እኔ" ብላ ቺያቬውን ተቀበለች።

ገባች።

አመሻሹ ላይ ለሙከራ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወጣን።
ያንን ጉድጓድ ሳልሸሽ ገባሁበት፤
ምንም።
ሁለተኛውንም፤ ምንም።
እንዲህ ጸጥ ሲል ለካ ስንቱ ይሰማል፦
የበሩ ኪስ ውስጥ ሳንቲም፣
የጆሮ ጌጧ፣
ትንፋሿ።

"አሁንም አንድ ነገር ይጮሃል" አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።
ፍሬን ያዝኩ። "የት ጋ?"
"እንጃ። በአንተ በኩል ይመስለኛል።"