ታርጋ የሌላት

ካርቶን ላይ በቀይ ቀለም፦ "በጀሪካን አንቀዳም።"
እሺ። እኔ ሕግ አልሽርም፤ መመሪያ አልከዳም።
ግን ቀጂዋን፣ ትርንጎን፣ ጠየቅኋት በትሕትና፦
"የጀልባ ሞተር ነው እኮ፤ እንዴት አድርጎ ይምጣና፣
ከአሞራ ገደል አቶቴ፣ አስፋልቱን እየቀዘፈ?"
መለሰችልኝ ቀና ሳትል፣ ዓይኗ ቆጣሪው ላይ እንዳረፈ፦
"እኔ እንጃ። ሞተር ያለው ሁሉ ተሰልፎ ይቀዳል፤
ጀሪካን የያዘ ይመለስ። ይኼ ምኑ ይከብዳል?"

ምኑም አይከብድ።

ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት፣ ከነጩፋሞ ጋር ሆነን፣
"ታጋሽ"ን፣ ጀልባዬን፣ ከደለሉ ውስጥ ጎትተን፣
በሁለት የአህያ ጋሪ ሸራ አልብሰን አሰርናት፤
ያየን ዘበኛ ቆቡን አውልቆ፦ "ነፍስ ይማር፤ የማን ናት?"

ሲነጋ ሰልፉ ውስጥ ገባን። ተራችን መቶ አርባ ሁለት።
ከፊት ባጃጅ፣ ከኋላ ባጃጅ፤ እሷ መሃል፣ እንደ ባለስለት።
ፀሐይ ስትበረታ ሰዉ አንድ በአንድ ወጣና ተቀመጠባት፤
አግዳሚ አላት፣ ጥላ አላት። ክርክሩም ተጀመረባት።

አቶ ሐመሶ፣ የድሮ የሒሳብ መምህር፣ ጠመኔ አወጣ ከኪሱ፤
ጎኗ ላይ ጻፈ፦ ይኼ የዓለሙ ዋጋ፣ ይኼ የመርከቡ፣ ይኼ ታክሱ።
ደመረ፤ ደመሰሰ፤ ደመረ።
"ልክ ነው" አለ በመጨረሻ፣ እንደተሸነፈ ሰው እያፈረ።

"ጌታዬ" አለ ዳንጊሶ፣ "ስጨምር ተሳፋሪው 'ሌባ!' ይለኛል፤
ባልጨምር ልጄ ያለ ደብተር በር ላይ ቆሞ ያየኛል።"

"የኔ ቲማቲም" አለች ዘይቱና፣ "ቤንዚን ቀምሶ አያውቅ፤
ከሻሸመኔ ሰክሮ ሲገባ፣ ማን እንዳጠጣው ልወቅ!
ሬዲዮው 'ጭማሪ' አይልም፤ 'ማስተካከያ' ነው የሚለው።
ምን ጠማማ ነበረና ነው፣ እንዲህ የሚያስተካክለው?"

አንድ ወጣት፣ የመንገድ ሥራ ባልደረባ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ቀስ ብሎ፦
"አስፋልት እንደ ሣር አይበቅልም፤ በታክስ ነው የሚነጠፍ፣ ተከፍሎ።"
እውነቱን ነው። ዝም አልን። ከዚያ ሐመሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
"ጉድጓዱስ፣ ልጄ? እሱም ጨረታ ወጥቶለት ነው፣ ወይስ በፈቃዱ ተቦርቡሮ?"
ሳቁ "ታጋሽ"ን አናወጣት፤
ሐይቅ ያልቀጣትን ጀልባ የየብስ ማዕበል ቀጣት።

"አንተስ?" አሉኝ።
እኔ ምን ልበል? ሊትሩ ያው ሊትር፣ ሐይቁም ያው ሐይቅ፣ አልሰፋ፤
መሻገሪያው ግን ራቀ። ማዶው ከዓይኔ ጠፋ።

አባ ኮዳ ከመብራት ምሰሶ ሰልፉን ቁልቁል ያየዋል፤
ኮዳውን ባንገቱ አንጠልጥሎ! እሱንስ ማን "ክልክል ነው" ይለዋል?
ከአጥሩ ጀርባ ደግሞ አንድ ልጅ፣ በሹክሹክታ፦ "በሃይላንድ አለ። እጥፍ።"
ከፊት ያለቀው ቤንዚን ከኋላ እንዴት እንደሚተርፍ
አልጠየቅኩትም።
የዓሣ ሰው ነኝ፤ ግማቱ ከየት እንደሚነሳ አውቃለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ደረሰን። ትርንጎ ሳቋን በሻርፕ ሸፈነች፤
"ታርጋ ቁጥር?" አለች እንደ ደንቡ፤ ወዲያው ዳኛ ሆነች።
ታርጋ የላትም። ያላት ስም ነው፣ ባባቴ እጅ የተጻፈ፣
ቀለሙ ጥቂት የተላጠ፣ ግን ስንቱን ማዕበል ያለፈ።
"ታጋሽ" ብላ መዘገበች። ቀዳች። ከአምስት ሊትር በላይ አልሆነልን።
ከኋላ ባጃጆቹ ጮኹ፦
"እኛም ታጋሾች ነን! ጻፊልን!"

ማታ ወደ ሐይቁ መለስናት። የሁለቱ ጋሪ ኪራይ
ከቤንዚኑ በልጦ ተገኘ። ጩፋሞ ሰማይ ሰማይ
እያየ፣ "ሞተሩን አስነሳው" አለኝ። እኔ መቅዘፊያ አነሳሁ፤
አምስቷ ሊትር ለነፋስ ቀን፤ ገመዱን ለመሳብ ሳሳሁ።

የሐመሶ ሒሳብ ጎኗ ላይ ነበር፣ በነጭ ጠመኔ እንደታተመ፤
ውሃ ሲነካው ታክሱ ሟሟ፣ መርከቡ ሰጠመ፤
ድምሩ ቀረ።
እሱንም አንድ ቆሮሶ ብቅ ብሎ ቀመሰና
ተፋው።