መቶ ሰባ መቅዘፊያ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወዲያ፣ ብሎክ ሠላሳ አንድ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ባሕር ሳላይ መርከብ እሠራለሁ፣
መብራት እስኪሄድ፣ ባትሪው እስኪያልቅ።

ጨዋታውን ሌሎች ናቸው የፈጠሩት፤ ስልቱ አይታማም፤
ከተማ ይቆረቆርበታል፣ ግብር ይጣልበታል፣ የተማማለ ይካካድበታል፤
መርከብ ላይ ሲደርስ ግን ይቀጥፋል።
ገበቴ በምታህል ቀፎ ሠላሳ መቅዘፊያ ሰክቶ፣
ቀዛፊውን በሰንሰለት ጠፍሮ፣ በጅራፍ አስመትቶ፣
ሸራውን እንደ ሠርግ ዳስ ወጥሮ
ጦርነት መሐል ይማግደዋል።

እኔ ደግሞ ውሸት ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።
የአቴናው ቀዛፊ ደመወዝተኛ ነው፤
የሚቀመጥባት ቁርበት እንኳ የገዛ ራሱ ናት፣
ሲወርድ ብብቱ ሥር ሸጉጧት የሚሄድ ሰው ነው።
ምሰሶው፣ ውጊያ ሲመጣ፣ ባሕር ዳር ይቀራል፤
ቀፎው እንዳይላቀቅ፣ ከአፍንጫ እስከ ጭራ፣
እንደ አራስ ወገብ በገመድ ይታሰራል።
ላይ ስልሳ ሁለት፣
መሐል ሃምሳ አራት፣ ታች ሃምሳ አራት፤
የታችኛው ሰው ጠላትም ማዕበልም አያይም፣
ከፊቱ ካለው ጀርባ በቀር የሚያየው የለም።

መቶ ሰባውን አንድ ባንድ ስቀርጽ ሁለት ክረምት ወጣ።
"ማን ሊቆጥርልህ ነው?" አለች እህቴ ዘርትሁን
የሥራ ማስታወቂያ ቆርጣ አምጥታ።
"እኔ።"
ወረቀቱን ኪቦርዱ ላይ ጥላልኝ ሄደች።

የግቢያችን ጥበቃ ጋሽ ደምለው ካፖርት አላቸው፤
አንደኛው ቁልፍ መልህቅ የተቀረጸበት ነው፣
የቀሩት ከመርካቶ የተገዙ ናቸው።
"ምጽዋ፣ ዘጠኝ ዓመት" ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ አይሉም።

አንድ ማታ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን ይዤ ወረድኩ።
አሥራ አንድ በመቶ ቀርቶት ነበር።
መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ ደግመው አወለቁ።
ነሐሱን አላደነቁም፤ መቅዘፊያም አልቆጠሩ።
"ውሃቸውስ?" አሉኝ።
"ባሕር ላይ ናቸው እኮ፣ ጋሼ።"
"እሱማ ጨው ነው። የሚጠጡት!
መቶ ሰባ ሰው ሐሩር ላይ እየቀዘፈ!
የት አደረግህላቸው?"

አየሁት። ጉልበት ከወገብ ገጥሟል፤
እንስራ ቀርቶ ቅል የሚያስቀምጥ ክፍተት የለም።
ለካ ሲመሽ ሲመሽ የብስ የሚፈልጉት
ልማድ ሆኖባቸው አይደለም።
ከጥበቃው ቤት ሥር ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል፣
አንገቱ ላይ የቤት ቁጥር በማርከር ተጽፏል፤
ቧንቧው ከደረቀ አሥራ ሦስት ቀኑ ነው።

መብራት ሲመጣ አዲስ ሕግ ጻፍኩ፦
ሲመሽ ዳርቻ ያላየ መርከብ ክንዱ ይዝላል፤
መጀመሪያ ፍጥነቱ፣ ቀጥሎ ምቱ ይጠፋዋል፤
በሁለተኛው ማታ ይቆማል።
ሞከርኩት። ከሲሲሊ ማዶ፣ ነፋስ በሌለበት፣
ጠላት ሳያገኛቸው ሃያ መርከቦቼ ቆሙ።
እንዲህ ያለ እውነት ሠርቼ አላውቅም፤
ማንም ደግሞ አይጫወተውም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግቢው ቧንቧ ሳለ።
አንዴ ሳለ፣ አየር ተፋ፣ ደግሞ ሳለ፤
"መጣ! ኧረ መጣ!" ብሎኩ ተንጫጫ።
ግፊቱ ፎቅ አይወጣም፤ በሰው እጅ ነው እንጂ፦
ከታች እስከ አራተኛ ደረጃው ላይ ተደርድረን፣
ጀሪካን ከእጅ ወደ እጅ።
ጋሽ ደምለው ከታች በፊሽካ ይመታሉ፤
አጭር፣ ረጅም። አጭር፣ ረጅም።
የት እንደተገዛ የማላውቀው ሹራብ፣ የአንድ ሰው ጀርባ፣
ከፊቴ ሌላ አይታየኝም።

ሰባተኛውን ይሁን ስምንተኛውን ስቀበል ትዝ አለኝ፤
ጨዋታውን ሳላስቆም ነው የወረድኩት።
ላይ ቤት ሁለተኛው ማታ እየመሸባቸው ነው።
ፊሽካው ግን አልቆመም፤
እጄም ባዶ አልነበረም።