ደረሰኝ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ቧንቧው ቢፈነዳ፣
ውሃው ሳሎን ገብቶ፣ ምንጣፉ ሲጎዳ፣
ጓንጉል ደረሰልኝ፣ ከላይ ካራተኛ፣
በነጠላ ጫማ፣ ዓይኑ የእንቅልፍተኛ።
ጎረቤት፣ ያገር ልጅ፣ እጁ የተባረከ፤
ከማጠቢያው ሥር ገብቶ፣ ተንበረከከ።
ጠመዘዘ፣ ጠረገ፣ አጠበቀ፣ ዘጋ፤
ውሃው ቀጥ አለልኝ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ።

«ስንት ልስጥህ?» ብለው፣ እጁን እያበሰ፣
ሰው የሚሰማ ይመስል፣ በሹክታ መለሰ፦
«በደረሰኝ ከሆነ፣ ሰባት መቶ ሸቀል፤
ያለ ደረሰኝ ግን፣ አምስት መቶ ይበቃል።»

ሁለት መቶ ሸቀል።
የሺራት ጫማ ነው፤ የሁለት ሳምንት አትክልት።
«ያለ ይሁን» አልኩት።
ጻፉልኝ፦ እኔም አለሁበት።

እኔ በካፕላን ነው፣ የማድረው ሌሊቱን፣
ባልጋና ባልጋ መሐል፣ ስወለውል ደሙን።
የኔን ግብር ማንም፣ በሹክታ አይጠይቅም፤
መንገድ ላይ ይቀራል፣ ከደጄ አይደርስም፤
ደሞዜ ሲገባ፣ ከላይ ተሸልቶ፣
እንደ ክረምት በግ፣ ቆዳው ብቻ ቀርቶ።

የካቲት ላይ ደግሞ፣ የሕፃናት መዋያው
በገቢ ይተምናል፣ ስንት እንደምንከፍለው።
የኔ ወረቀት ሙሉ፣ ሳንቲም ያልጎደለው፤
የጓንጉል ወረቀት፣ ከኔ ይልቅ ደሃ ነው፤
በሦስት ወር አንድ ቧንቧ፣ ጠግኖ የሚያድረው።
ሚስቱ ከኔ ኋላ፣ ቆማለች በሰልፍ፣
በመዳፏ ጨብጣ፣ የአዲስ መኪና ቁልፍ።
ቅናሹ ለነሱ።
ለእኔ ሙሉው ዋጋ።
ሁለት መቶ ሸቀሌ፣ በአንድ ወር ተበላ።

ልጠላው ፈለግሁ።
ግን እናቴ ስትሞት፣ ድንኳኑን የተከለ፣
ወንበር የተሸከመ፣ ከሱ ሌላ ማን አለ?
ደግሞስ የጓንጉል ምንድን ነው?
ያጠብኩትን ኮሪደር ረግጦ የሚያልፈው ስፔሻሊስት፣
ማታ በግል ክፍሉ፣ እሱም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል አሉ፤
የሱ ሹክታ በሺህ ነው፣
የሱ ልጅ ሰልፍ አታውቅም።

አባቴ ይል ነበር፦ «ግብር ሁለት ነበር፤
ገበሬው የሚያወጣው፣ ጌታው የሚያበላው።»
እዚህ ርኾቮትም፣ ሁለት ነው አባባ፤
እኔ የማወጣው፣
ሌላው የሚበላው።

እሱ ሳይቆርጥ የቀረው፣ ከኔ ተቆረጠ፤
በሹክታ ያለፈው፣ በኔ ላይ አፈጠጠ፤
«ያለ» ብዬ ሸኝቼው፣
ዞሮ ዞሮ፣
ደረሰኝ።

ትናንት ማታ ቧንቧው፣ እንደገና ጠብ አለ።
አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ካልሲ ብቻ ለብሼ፣
«ጓንጉል፣ በደረሰኝ ስንት ነበር?» አልኩት።
ሳቀ። ቀልድ መሰለው።
እኔ ከደጃፉ አልተነቃነቅሁም፤
ታች ባልዲው ይሞላል፣
ጠብ፣
ጠብ፣
እሱ ኪሱን ይዳስሳል፣ እስክሪብቶ እንደሚፈልግ ሰው።