ስንት ዘፈን ይቀረዋል?

ጡረታ ወጣሁኝ፤ ጆሮዬ አልወጣም፤
ከሽመና ክፍሉ እዚያው ቀርቷል፣ አልመጣም።
ሃያ ስድስት ዓመት ማሽን የጮኸበት፣
አንድ ድምፅ ብቻውን ጎጆ የሠራበት፦
እምም... የማይወርድ፣ እምም... የማይወጣ፤
ሐኪሙ «ልመጂው» አለኝ፣ መድኃኒት ቢያጣ።

እኔማ ለምጄው ነበር፤ ስሙን ቀድማ ነግራኛለች
ሞራግ፣ ማድረቂያ ልትጠግን ከስኮትላንድ የመጣች፣
ብሎን ስትፈታ የምታፏጭ፣ ስታጠብቅ የምታንጎራጉር፤
ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ፣ የእኛን ሙቀት እየረገመች ስትኖር።

አንድ ሌሊት በሦስተኛው ፈረቃ መብራት ሄደ።
መቶ ማሽን ባንዴ ዝም ሲል ጉልበታችን ራደ።
ከአጥሩ ማዶ ቦርከና ድንጋይ እያላሰ ሲወርድ
ያኔ ነው የሰማሁት፤ ስንት ዓመት አጠገቡ ስመጣ ስሄድ።

ሞራግ እርጥቡን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣
በመዳፏ መታችውና ወደ ግራዋ ገፋች፤
«ተቀበሉኝ» ነው፣ በእጇ፤ ቋንቋ የት ታውቃለች?
ሂ ሪ ሆ፣ ሆ ሮ ሂ፤ እሷ ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን፤
ትርጉሙን መች ጠየቅን!
ጦይባ ሳቀች፦ «መንዙማ ማን አስተማራት?»
እጇ ግን ሳያስፈቅዳት ምቱን ተከተላት።

ጧት በአስተርጓሚ ነገረችን፦
በአያቶቿ ደሴት ሴቶች ሱፉን ሲመቱ፣
የባሕር ነፋስ እንዳይገባበት፣ እንዲጠብቅ ለክረምቱ፣
በሰዓት አይለኩም፤ ሰዓት ከየት አባታቸው ያገኛሉ?
ባለቤቷ ትዳስሰውና «ሦስት ዘፈን ይቀረዋል» ትላለች አሉ።
«ሁለት ነው» ትላለች ሌላዋ፤ ይከራከራሉ።
ያንኑ ዘፈን ለአንድ ጨርቅ መድገም ገድ የለውም፤
ዘፈን ያለቀባት፣ እንደ ጨው፣ ከጎረቤት ብትበደር ነውር የለውም።

እሁድ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ወጣን፤
ቫዮሊኗን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ፤ ጉም ከነሚኒባሱ ዋጠን።
ሙጋድ፣ ሙሄ አረጉ ቤት። ሬዲዮ ይጠግናል፤
ማሲንቆው ግድግዳ ላይ አቧራ ለብሷል።
ተጫወተችለት። ዓይኑን ጨፍኖ «ትዝታ ነው» አለ፤
«አምስት ድምፅ፤ ቤቱ ያው ነው፤ በሩ ነው በጓሮ ያለ።»
«የለም» አለች፤ «ዓሣ አጥማጆች ናቸው የሚጨፍሩበት።»
ፈጠን አድርጋ ደገመችው፤ አጭር ምት፣ ከኋላው ረጅም ምት።
«ይሄ እንኳ ያነክሳል! እግሩን ማን ሰበረበት?»
«ቋንቋችን እንዲያ ያነክሳል፤
ደጋኑም ቃሉን ይከተላል።»

ስለ ከረጢቱም ነገረችን፦ ቆዳ ነው፣ ብብት ሥር ይያዛል፤
አንዱ ቀሰም ዜማውን ሲሄድ፣ ሌሎቹ እምም... ባሉበት ይቆማል ድምፃቸው፣ አይነቃነቅም፣ ይዘልቃል።
መምህሩ ጣት ከማስነካቱ በፊት በአፉ ነው የሚያስጠና፤
ከአፍ ወደ አፍ፤ በወረቀት ሳይሆን፣ በትንፋሽ ጎዳና።
ኀዘኑን ሲነፉ ቀስ ብለው ይጀምራሉ፤ መሬቱን ያነጥፋሉ፣
ከዚያ እየሸረቡ፣ እየሸረቡ፣ ያንኑ መሬት መልሰው ባዶ ይተዉታል።

አንድ ዘመን ጌቶቹ ለበግ ማሰማርያ ብለው ሰው ነቀሉ፤
መርከብ ላይ የተጫኑት ከዕቃቸው ሁሉ የቀለለውን፣ ዘፈኑን፣ ይዘው ሄዱ አሉ።

ሙሄ ምንም አላለም።
በሰባ ሰባት ለሰፈራ ተጭኖ የሄደ ወንድም ነበረው፤ ደብዳቤው አልመጣም።
ተነሣ። ማሲንቆውን ከግድግዳው አወረደ፣
አቧራውን በክንዱ ጠረገ፣
ጭራውን ወጠረ፤ ሞራግ አንዷን ድምፅ ያዘችለት፣
እምም...
እሱ በዚያ ላይ ሄደ።

ሞራግም ሄደች። አንዴ ጻፈች፤ አንዴ መለስኩላት።
ዛሬ ደሴ ነኝ፣ ከልጄ ጋር። ጦሳ ጉሙን ሲከናነብ
መብራት ይጠፋል፤ የጆሮዬ ድምፅ ይበረታል፤
በጣቴ የአልጋውን ጠርዝ መታ፣ መታ።
«እማ፣ አትተኚም እንዴ?» ትላለች ልጄ በጨለማው።
የጋቢዬን ጫፍ ዳሰስ አደርጋለሁ፤
«ገና ነው» እላታለሁ፤
«ሁለት ዘፈን ይቀረዋል።»