በር ላይ የተነጠፈ ሐዲድ

ቤታችን ሊፈርስ ሲል፣ ካለው ሁሉ መርጬ፣
በሩን ብቻ ወሰድኩ ማጠፊያውን ፈልቅጬ።
ከዶሮ ማነቂያ፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ በገመድ ታስሮ፣
ቸርችልን ወረደ፣ የሚዘጋው ቤት ሳይኖር፣ እንደ ሰው ተሳፍሮ።

አሁን ስታዲየም ጀርባ፣ በኪራይ ክፍል፣ ሁለት ሳጥን ላይ ተጋድሟል፤
ሶልያና አየችውና፣ «አባዬ፣ ባቡር ይሄድበታል!»

ባቡሩ አለን፦ አንድ ጥቁር ሞተር፣ ሦስት ፉርጎ፣
አጎቷ ከጅቡቲ፣ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ያመጣው ፈልጎ።
ሐዲድ ግን የለውም።
ሐዲድ የሌለው ባቡር ብረት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ቅዳሜ ወጣን ልንገዛ። አብሮን ጋሽ ቀጸላ፣ ከምድር ቤት ያለው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ለገሃር ላይ ቆሞ ሐዲድ ያቀያየረው፣
የሸሚን ደፈር ባርኔጣው ሲሰቀል፣ እጁ ግን እስከዛሬ ጡረታ ያልወጣው።

ወይዘሮ ዘርትሁን ካርቶኗን ዘረገፈች ባንኮኒው ላይ፤
ቀጥ ያለ፣ የጎበጠ፣ አጭር ረጅሙ፣ የማይገጥም መሳይ።

እኔ ቢጫውን አነሳሁ፤ ያምራል፣ ይረክሳል።
«ተው!» አለኝ ጋሽ ቀጸላ፤ «ነሐስ ቶሎ ይጠቁራል፤
ጠቁሮም መብራት ይነፍጋል፤ ልጅህ ልትነዳ ስትጠብቅ፣ አንተ በጨርቅ ስትወለውል ይመሻል።
ሃያ ቢጫ ከምትገዛ፣ ዐሥራ ሁለት ነጭ ይሁን።»
ዋጋውን ጠየቅሁ፤ ሰማሁ፤ ዝም አልሁ። ዝም አለች ዘርትሁን።

ከመደርደሪያ ደግሞ ተጣጣፊ አወረደች፣ እንደ ፈለጉት የሚጎብጥ፤
«ይሄ ለባለሙያ ነው» አለች ራሷ፤ «መጋዝ ይሻል፣ መበየጃ፣ እጅም የማይንቀጠቀጥ።»
ጋሽ ቀጸላ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ።

የጉብጠቱ ነገር መጣ። ትልቁን ክብ ወደድኩ፤ ግርማ አለው፣ ሰፊ ነው አልኩኝ።
ሶልያና ክር አወጣች፤ በሩን ለክታበት ነበር፣ ሳትነግረኝ።
ጎባጣው ላይ ዘረጋችና፣ «አይበቃም፤ ይወድቃል» አለች።
ልክ ነች።
ስፋቱ የበር ነው፤ ሁለት ሰው ከመጣ አንዱ የሚቆምበት፣
የሰርጋችን ቁም ሳጥን በጎኑ አዘንብሎ፣ ተፍቆ የገባበት።
እናም ጠባቡን ያዝን። ረጅም ሞተር በዚህ አይታጠፍም፤
የእኛ አጭር ናት፤ አጭር መሆን አንዳንዴ አይጎዳም።

ጋሽ ቀጸላ በጣቱ ለካ። «በዛ» አለ፣ «ለዚህች ሞተር ቁመት፤
የእኛው አንድ ሜትር ነበር፤ ይሄኛው የሌላ አገር ስፋት።»
«ጠባቡን እንፈልግ?» ስለው ሳቀ፤ «ፈልግና ጠብቅ!
ብርቁን ያለ ሰው ቁራጭ ሲጠብቅ ያረጃል፤ የተገኘውን አጥብቅ።»

መቀየሪያውን አነሳሁ፣ አንዱን መንገድ ለሁለት ከፋዩን።
ከእጄ ተቀበለኝ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ገፋ ሳበ ምላሱን።
ቆየ።
«ይሄ ይቅር ለዛሬ፤ በጀማሪ ሐዲድ ባቡር የሚወድቀው እዚህ ነው፤
ልጅቷ መጀመሪያ መዞሩን ትልመደው።»
ግን አላስቀመጠውም።

ማታ ገጣጠምን። ዐሥራ አንዱ እሺ አለ፤
የመጨረሻው ተንጋደደ፣ እንቢ አለ፤
ለካ ቀለም ነው፣ በየፋሲካው የደረብነው አረንጓዴ፤
በቢላዋ ፋቅሁት፦ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከዚያ ግራጫ፣ እናቴ የቀባችው አንዴ።

የመብራቱ ገመድ በየት ይለፍ ስንል፣ ቀዳዳ ነበረ፣
የቁልፉ ቀዳዳ። ሽቦው በዚያ ወርዶ ከሥር ታሰረ።
ቁልፉ እስካሁን ኪሴ አለ።

በየደሞዙ ሁለት ቀጥ ያለ እንጨምራለን፤ ክቡ ይረዝማል፤
በስድስተኛው ወር፣ እሷ እንዳሰላችው፣ እጀታው ጋ ይደርሳል።

ሞተሯ ዞረች፤ ከማጠፊያው ጠባሳ አጠገብ ዘንበል እያለች።
«አሁን የት ናት?» ሶልያና ጠየቀች።
«ደጅ» አልኳት። «…አሁን ገባች።»

ጋሽ ቀጸላ ደህና እደሩ ብሎ ወረደ፤ በደረጃው ጨለማ
ከኮቱ ኪስ ውስጥ ጠቅ… ጠቅ… የሚል ተሰማ።