ቁጥር አራት

ከባጃጅ ወረድሁኝ፣ ከለገሀሩ በር፣
የአዳማ ንፋስ ነው፣ የሐዲዱን አፈር
በእፍኙ ዘግኖ ፊቴ ላይ ሲሰፍር።

መግቢያው ተቀይሯል፤ ያ የዛገ ቆርቆሮ
መስታወት ሆኗል አሁን፣ በመብራት አምሮ።
"ሥዕል ለማየት ነው?" አለችኝ ልጅቷ፣
ጣቷ ከስልኳ ላይ፣ ፈገግታ ከፊቷ።
"አዎን" አልኳት እኔ።
ምን ልበላት ታዲያ? "እዚህ ነው ያደግሁት፣
እዚች ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ካርኒ የቀደድሁት"
ብላት ምን ሊረባት?
ሃምሳ ብር ሰጠኋት።
(በአባቴ ጊዜ ሻወር ስሙኒ ነው፤
ሳሙና ለብቻው።)

ገባሁ።
ግድግዳው ነጭ ሆኗል፣ ወተት የመሰለ፣
ያ ጥቁር ሻጋታ ተፍቆ የት ሄደ፣ የት አለ?
አሥር ክፍል ነበር፣ አሥር የእንጨት መዝጊያ፣
አሥር ቀይ ቁጥሮች ከበሮቹ በላይ፣ አሥር ማንጠልጠያ።
መዝጊያው ተነቅሏል፤ ቁጥሩ ግን ቀርቷል፣
"ለታሪክ ነው" ብለው መስታወት ገጥመውለታል።

ቁጥር አንድ ውስጥ ቀይ ሸራ ተሰቅሏል፤
የሴት ጀርባም ነው፣ በረሃም ይመስላል።
እዚህ ነው የሚገባ ጉተማ ወፍራሙ፣
የባቡሩ ነጂ፤ ግራሶ ነው እጁ፣ ግራሶ ቅጽል ስሙ።
ሲገባ ጥቁር ነው፣ ሲወጣ ጠይም ነው፣
"ደግሞ ተወለድኩኝ" ይላል ለአባቴ፣ ጉርሻ ሲያቀብለው።

ቁጥር ሦስት የሙሽሮች። ቅዳሜ ማለዳ
ሚዜ ተደርድሮ፣ ሙሽራ ስትጸዳ፣
ሳቁ ከእንፋሎት ጋር በጣሪያ ይወጣል፣
አባቴ አንገቱን ደፍቶ ፎጣ ያቀብላል።
አሁን ቪዲዮ አለ፦
አንድ ሰው ጨለማ ውስጥ እጁን ይታጠባል፣
ይታጠባል፣ ይታጠባል፣ አይጨርስም።
አባቴ ቢያይ ኖሮ፣ በቁልፍ ዘለላው በሩን ቀጭ ቀጭ አድርጎ
"ሰዓት!" ይለው ነበር። ሃያ ደቂቃ ነው፤
ንጉሥም ቢመጣ አንዲት አይጨመርም።

ቁጥር አራት ጋ ስደርስ ሰው ተሰብስቧል።
ግድግዳው ባዶ ነው። ከላይ፣ ከጥግ በኩል
ውሃ ይንጠባጠባል።
ጠብ።
ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሻይ የመሰለ መስመር፣
ከወለሉ ሲደርስ ይሰፋል፣ አዋሽ ቆቃ ገብቶ እንደሚሰፋው ነገር።
አንድ መነጽራም ልጅ፣ ማስታወሻ ይዞ፣
"ጊዜን ነው ያሳየች" ይላል ቆሞ ፈዞ።
"ድፍረቷን እዩልኝ! ሸራ የለ፣ ቀለም የለ፣
ግድግዳ አስለቀሰች" አለ።
ፎቶ አነሱ፤ ዝም አሉ።
እኔ ሳቄን ዋጥሁት፣ ሳል አስመሰልሁት።

ጎበዝ፣ ይሄ እኮ ቧንቧ ነው!
ከኋላ፣ ከክርኑ ላይ፣ የተሰነጠቀው፣
አባቴ በዳዳ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲታገል የኖረው።
በጎማ አሰረው፣ በሰም አሸገው፣
አንድ ቀን ሲሚንቶ፣ ሌላ ቀን ስድብ ነው።
ማታ ቤት ሲመጣ፣ ጫማውን ሳይፈታ፣
"ዛሬስ አሸነፍኩት" ይላል በደስታ።
ጠዋት ግን፣ ጠብ።
አልጋ ላይ ሲውልም እሱን ነው የሚያወራ፤
የመጨረሻው ለት፣ "አራትን" አለን፣ "አራትን አደራ።"

አራተኛ ልጁ እኔ ነኝ፣ የመጨረሻዋ።
እኔን ያለ መስሎኝ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ያቺን ቃል ይዤ ኖርሁ፣
ስወድቅ እሷን ጨበጥሁ፣ ስነሣ እሷን ጠራሁ፣
በወንድሞቼ ላይ፣ ሲያስከፉኝ፣ "አደራው ለእኔ ነው" እያልሁ ኮራሁ።
አሁን እዚህ ቆሜ፣ ከሚያደንቀው መሐል፣
ጥርጣሬ መጣ፤ ጠብ ጠብ ይልብኛል፦
ለቧንቧው ነበር እንዴ?

ጥበቃው ጠጋ አለ፤ ሐምዛ ይላል ደረቱ ላይ።
"እናቴ፣ ይሄ እንኳ ሥራ አይደለም" አለኝ በሹክሹክታ፣
"የሚያፈስ ቧንቧ ነው። ነገ ይጠገናል።"

ነገ።

"ሃያ ደቂቃ ስጠኝ" አልሁት።
አልገባውም። ሰዓቱን አየ፣
ደግሞ እኔን አየ፣
ሄዶ ወንበሩን አመጣልኝ።

ሰዎቹ ወደ አምስት አለፉ።
እጄን ዘረጋሁ፤ አንዷ ወረደች።
ያኔ ትሞቅ ነበር።
ውጭ ንፋሱ በሩን ይገፋል፤
እኔ እቆጥራለሁ።