ያጣት

የካቲት፣ ዊኒፔግ፣ ከሌሊቱ ስምንት፤
ምድር ቤቴ ውስጥ ታጓራለች አንዲት አሮጊት፣
የጥርስ ክሊኒክ ሲዘጋ በአርባ ዶላር የገዛኋት፣
«አፍዎን ይክፈቱ» የሚል ወረቀት ጎኗ ላይ የተለጠፈባት።
ሰርቨር ናት።
ቀን የከተማ አውቶብስ እጠግናለሁ፣
ማታ የእሷን ሳል እየሰማሁ አነጋለሁ።

ነገሩን ያመጣው የትርሲት ቪዲዮ ነው።
ትርሲት አትሰማም፤ ቋንቋዋ በጣት ነው።
ኦታዋ ላሉት ለእህቷ ልጆች ተረት ልታወራ
ስልኳን አቆመች ከአጥሩ ጋራ፣
ጓንቷን አወለቀች በዚያ ብርድ፣
በረዶው በላይዋ ሲወርድ፣ ሲወርድ።

በየወሩ የምንከፍለው ድርጅት ተቀበላት፤
ጨምቆ፣ ጨማምቆ፣ አሳንሶ ሲመልስላት
አምስቱ ጣት አንድ ላይ ተጋግሯል፤
ያወለቀችውን ጓንት ማሽኑ መልሶ አጥልቆላታል።
«ጅብ» ያለችው «ጎረቤት» ሆኖ ቁጭ አለ፤
ልጆቹም ጠየቁ፦ ጎረቤት አህያ በላ እንዴ?
ብደውልላቸው፣ «ድምፁ እኮ ጥርት ያለ ነው» አለኝ አንዱ።

ፍለጋ ገባሁ፤
በራሴ ቤት፣ በራሴ መብራት የሚሠራ፣
እንደ ሞተር ክዳኑ ተነሥቶ ሆዱ የሚታይ፣ ጌታ የማይጠራ።
አንደኛው ሲጫን ሞተ።
ሁለተኛውን የሠራው ሰው ከአራት ዓመት በፊት ትቶት ጠፍቷል።
ሦስተኛው ነፃ ነኝ ይላል፤ ደጁ ላይ ግን ካርድ ይጠይቃል።
አራተኛው መልከ ጥፉ፣ የሚደግፈው ስም እንኳ የሌለው፤
አንድ ሣጥን፣ አንድ ቁልፍ።
ውስጡን ስገልጠው፣ ከኮዱ መሐል፣ የማላውቀው ሰው ጽፏል፦
«ይህ መስመር ለምን እንደሚሠራ አልገባኝም። አትንኩት።»
ይህን ሰው አመንኩት።

ግን በማግሥቱም ጣቷ ድፍን። በሠልስቱም።
በአራተኛው ሌሊት ነው የገባኝ፦ በረዶው ነው።
ለማሽን እያንዳንዷ ብናኝ አዲስ እንግዳ ናት፣
አይንቃት፣ አያልፋት፣
እዚህ ነበረች ብሎ ይጽፋል፣ እዚህ ወደቀች ብሎ ይጽፋል፣
እጇ ጋ ሲደርስ ስንቁ አልቋል።
ክፋት የለበትም፤
የወደቀ ሁሉ ሲያነሣ ነው የሚያወራውን የረሳው።

እንግዲህ መጠኑን ጨመርኩ፣
ስልኳ የቀረፀውን ስድሳ ምስል በሴኮንድ ሳልነካ ተውኩ፤
ዛፉ ይደብዝዝ አልኩ፣ አጥሩ ይሟሽሽ፣
በረዶው ጭቃ ይምሰል፤
ለእጆቿ ግን ስስት የለም።
ለአራት ደቂቃ ተረት ዘጠኝ ሰዓት።
ፎቅ ላይ የአከራዬ የሃልያ ድመት
ሙቀቱን አግኝታ፣
ከሰርቨሯ በላይ ያለው ወለል ላይ ተዘርግታለች።

ሲነጋጋ ከፈትኩት።
ዛፉ የለም፤ አጥሩም እንዳልነበር፤
ከዚያ ሁሉ ነጭ መካከል፣ ድርጅቱ ያጣት፣
ሌባዋ ጣት፣
ከጎረቤቷ ተለይታ ቆመች።
ጅብ አለች።

ላክሁት። ቁርሴን ሳልጨርስ መልስ መጣ፤
ስልኬ የማይከፍተው ዓይነት ፋይል።
ጥፍር በምታክለው ሥዕሉ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ተዘቅዝቀው፣
ሦስት ልጅ፣ ስድስት እጅ፣ ሁሉም ባንዴ ያወራል።
አሮጊቷ ጉሮሮዋን ጠረገች።
ዜሮ ከመቶ።